በእድሩ ድረ ገጽ ላይ ሳይከፈቱ ስለቆዩት አራት መልእክቶች

የቃል ሰጪው ስም፦ ሙናዊር ፉርቃን ሐምዱ
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ የኮምፒውተር ጥገናና የድረ ገጽ ሥራ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ሰባተኛ አካባቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡40
ጉዳዩ፦ የአቶ ዱባለ ቃሊ አሟሟት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ም/ሳጅን ይገረም

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ግለሰብ ስለ ጉዳዩ የማውቀውን እንዳስረዳ ተጠርቼ፣ በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። መርማሪው በአጭሩ እንድናገር ነግረውኛል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ስለሚባል ግን ከመጋቢት ወር እጀምራለሁ።

ሰባተኛ ላይ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ አለኝ። በእኔ ሙያ ሰው የሚያስታውሰኝ ዕቃው ሲበላሽበት ነው፤ ሲሠራለት ማንም አይደውልም። መጋቢት 2017 ዓ.ም. የሸማ ተራ ጎረቤታሞች መረዳጃ እድር ዳኛ የሆኑት የ78 ዓመቱ ጋሽ ይሄይስ ሱቄ ድረስ መጥተው ለእድሩ ድረ ገጽ እንድሠራ ጠየቁኝ። አባቴም እኔም የእድሩ አባላት ስለሆንን ያለ ክፍያ እሺ አልኩ። የሞተ፣ የታመመና የጠፋ ሰው ማስታወቂያ እንዲወጣበት፣ ከማስታወቂያው ሥር ደግሞ ሰው የሚለውን እንዲጽፍበት ፈለጉ። ይህን በማኅበራዊ ሚዲያ በቀላሉ ማድረግ እንደሚቻል ብነግራቸው፣ የእድሩ ወሬ እድሩ ቤት ይደር አሉ። ስለዚህ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ወስዶ በራሱ ሰርቨር ላይ የሚጭነው ነጻ የአስተያየት መድረክ መረጥኩ። ዳታቤዙን አዘጋጅቼ፣ የቋንቋ ፋይሉን ወደ አማርኛ መልሼ፣ ከድረ ገጹ ጋር ለማገናኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጥሩ ሥራ ነበር። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም።

የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ ለእድሩ የመጣ ማንኛውም ጽሑፍ በወሩ ስብሰባ ላይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ባሉበት፣ በአባላት ፊት ካልሆነ አይከፈትም ይላል። ከዓመታት በፊት አንድ ጸሐፊ የሰው ደብዳቤ ለብቻው ከፍቶ ሰፈሩን በወሬ ስላመሰው የወጣ ደንብ ነው። ጋሽ ይሄይስ በመድረኩ የሚመጣውም ጽሑፍ በዚሁ ደንብ እንዲሄድ አዘዙ። መድረኩ አስተያየት ሳይፈቀድ እንዳይታይ የሚያደርግ ማስተካከያ ስላለው አበራሁት። አስተያየት በመጣ ቁጥር ለኃላፊው ኢሜይል የሚልከውን ግን ጋሽ ይሄይስ ኢሜይል ስለሌላቸው ተውኩት። የእኔን ኢሜይል ላስገባ ብዬ አስቤ ነበር። በነጻ የሠራሁት ሥራ ዕረፍት እንዲነሳኝ አልፈለግኩም።

አንድ ሰው ጽፎ ሲልክ መድረኩ በራሱ የሚመልስለት ቃል አለ። ትርጉሙ አስተያየትዎ ፈቃድ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ጋሽ ይሄይስ ይህን ሲሰሙ ለለቅሶ የመጣን ሰው ደጅ እንደማቆም ነው፣ ነውር ነው አሉኝ። እኔም በቋንቋ ፋይሉ ውስጥ አጠፋሁትና "መልእክትዎ ለእድሩ ደርሷል፤ እናመሰግናለን" ብዬ ጻፍኩ። ደስ ብሏቸው መረቁኝ።

ሐምሌ 8 ቀን ማክሰኞ ጠዋት፣ የ73 ዓመት አዛውንትና በሸማ ተራ ልብስ ሰፊ የነበሩት አቶ ዱባለ ቃሊ አማኑኤል አካባቢ ካለው ቤታቸው ወጥተው ሳይመለሱ ቀሩ። አቶ ዱባለ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ነገር ይረሱ ነበር። ልጃቸው ሳምራዊት ዱባለ ያን ቀን ለፖሊስ አመልክታለች፣ የእድሩ ሰዎችም በየቤተ ክርስቲያኑና በየሐኪም ቤቱ ተሰማርተው ፈልገዋል። ማስታወቂያውን ከፎቶግራፋቸው ጋር በድረ ገጹ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስልክ አላስገባንም። ዓምና ልጇ የጠፋባትን አንዲት እናት አጭበርባሪዎች ልጅሽ እኛ ጋ ነው እያሉ አሰቃይተዋት ስለነበር ሽማግሌዎቹ ከልክለዋል። ያያቸው ሰው ወደ እድሩ ቤት ይምጣ የሚል ነበር የተሰጠኝ ጽሑፍ። ወይም ከዚህ ሥር ይጻፍልን የሚለውን ከራሴ ጨመርኩበት። ጋሽ ይሄይስ ይህን አያውቁም ነበር።

ሐሙስ ሐምሌ 10 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ሳምራዊት ደውላ የጻፈ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። ገብቼ አየሁ። ፈቃድ ከሚጠብቁት አጠገብ 2 የሚል ቁጥር ነበር። ለመክፈት አንድ ጊዜ መጫን በቂ ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ መድረክ ላይ የቁማር ማስታወቂያ የሚያራግፉ ስላሉ እነሱ መሰሉኝ። ደንብ ጥሶ ከፈተ ተብዬ ስሜ በሰፈር እንዲነሳም አልፈለግኩም። ማስታወቂያ ይመስለኛል፣ ለማንኛውም እሁድ ጋሽ ይሄይስ ባሉበት ይከፈታል አልኳት። "እሺ ወንድሜ፣ አስቸገርኩህ" ብላ ዘጋች።

እሁድ ሐምሌ 13 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በእድሩ አዳራሽ ወደ ስልሳ የምንሆን ሰዎች ተሰበሰብን። የጋሽ ይሄይስ ዓይን ስለደከመ እኔ እንዳነብ ታዘዝኩ። ላፕቶፑን በሦስቱ ሽማግሌዎች ፊት ከፈትኩ። ቁጥሩ 4 ሆኗል። ሁሉም የመጡት ሰልሰቢል ከምትባል፣ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ጠርሙስና ጄሪካን ከምትሸጥ አንዲት ሴት ነበር። ከዚያ በፊት አላውቃትም። ደንቡ እንደሚለው አስቀድሜ ሳላይ፣ ከነቀኑ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው የረቡዕ ነበር፤ ከቀኑ 10፡12። "ፎቶው ላይ ያሉት አባት ምናለሽ ተራ፣ ሱቄ ደጃፍ ተቀምጠዋል። ሻይ ሰጥቻቸዋለሁ። ኑና ውሰዷቸው" ይላል። አዳራሹ በምስጋና ተንጫጫ። ሳምራዊት ነጠላዋን እየሰበሰበች ወደ በሩ ሄደች። እኔም ደስ ብሎኝ፣ አሁን ሳስበው በሚያሳፍረኝ ፍጥነት ሁለተኛውን ቀጠልኩ። ሐሙስ ጠዋት የተጻፈ ነው። "አሁንም እዚሁ ናቸው። መልእክቱ ደርሷል ስላለኝ ልጅዎ እየመጣች ነው ብያቸዋለሁ። ወደ ውስጥ ይግቡ ስላቸው መጥታ ታጣኛለች ይላሉ።" ሦስተኛው የዓርብ ነው። "ሌሊቱን ዘነበባቸው። ሸራ አልብሻቸዋለሁ። ትመጣለች ስላልኳቸው ንቅንቅ አይሉም። ምነው ቆያችሁ?"

አራተኛው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ የተጻፈ ነው። አባትየው የሚለውን አንብቤ አቆምኩ። ዓይኔ ግን ቀድሞ ጨርሶታል። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ የምትረዳዋ ሰው ግራና ቀኝ ተደግፋ፣ ማልዶ ነው። እኔ ከላፕቶፕ ላይ፣ በስብሰባ መካከል፣ ብቻዋን በር ላይ ቆማ ሳለች ልነግራት ነበር። ጋሽ ይሄይስ እጃቸውን ዘርግተው ላፕቶፑን ሊዘጉት ሞከሩ። ሳምራዊት ከበሩ ላይ ሆና "ጨርሰው" አለችኝ። ጨረስኩት። "አባትየው ዛሬ ንጋት ላይ አርፈዋል። ፖሊስ ጠርቼ ተወስደዋል። ደርሷል ብላችሁኝ ለምን አልመጣችሁም?"

አስከሬኑ ሆስፒታል ማንነቱ ሳይታወቅ ተቀምጦ ነበር። ቀብሩ ሰኞ ሐምሌ 14 ቀን ተፈጸመ። ከቀብር ስመለስ ወይዘሮ ሰልሰቢል ሱቅ ሄጃለሁ። የተቀመጡበትን ድንጋይ አሳየችኝ። ከእኔ ሱቅ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ በዚያ አልፌያለሁ። ከእድሩ እንደመጣሁ ስነግራት አልተቆጣችኝም። "ደርሷል የሚል ባይመጣልኝ እኮ ያኔውኑ ፖሊስ ጋ እሄድ ነበር" ብቻ አለችኝ። መድረኩን የተከልኩት እኔ እንደሆንኩ አልነገርኳትም።

አራቱ መልእክቶች በስብሰባው ላይ ስለተነበቡ በደንቡ መሠረት ፈቅጄ በገጹ ላይ እንዲታዩ አድርጌያለሁ። ከቀብሩ ማግስት፣ ከማክሰኞ ሐምሌ 15 ጀምሮ፣ በየቀኑ ልክ ከቀኑ 10፡12 ላይ ከረቡዑ መልእክት ሥር በሳምራዊት ስም መልስ ይመጣል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። "እየመጣሁ ነው። ከዚያ እንዳይነሱ ንገሪልኝ።" እስከ ትናንት ስድስት ሆነዋል። ስድስቱም ፈቃድ ይጠብቃሉ። ብፈቅደው ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል፤ ባጠፋው ደግሞ እጄ እሺ አይለኝም። ሳምራዊትን ተይ ልላት ቤቷ ድረስ ሄጄ ደጁን ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ። ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ ከሚስቁት ሰዎች ነበርኩ። አሁን 10 ሰዓት ሲቃረብ ሱቄን ዘግቼ እወጣለሁ፣ ወጥቼም ስልኬን ነው የማየው። ፈርቻለሁ። ማንን እንደምፈራ ግን አላውቅም።

መርማሪው ጽሑፎቹ እንዳይከፈቱ ያደረገው ማን እንደሆነ ጠይቀውኛል። የሟች ወንድም ባቀረቡት አቤቱታ ላይ የጋሽ ይሄይስ ስም ብቻ እንዳለ ሰምቻለሁ። ጋሽ ይሄይስ ከዚያ እሁድ ወዲህ ከቤት አልወጡም፤ ዳኝነቱንም አስረክበዋል። እሳቸው ያዘዙት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ወግ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ወረፋ የያዘ ጽሑፍ ማንም ካልከፈተው እዚያው እንደሚቀር ያወቅኩት እኔ ነኝ። ያልደረሰውን ደርሷል ብዬ የጻፍኩት፣ ከሥር ጻፉልን ያልኩት፣ አቶ ዱባለ በሕይወት ሳሉ ቁጥሩን አይቼ ልጃቸውን ማስታወቂያ ነው ብዬ ያሰናበትኳት እኔ ነኝ። ጋሽ ይሄይስ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አያውቁም፣ እኔም እስካሁን አልነገርኳቸውም። የእኔም ስም በአቤቱታው ይግባ ብዬ አመልክቻለሁ። መርማሪው የተጠራሁት ለምስክርነት ብቻ እንደሆነ አስረድተውኛል።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ማንም ሳያስገድደኝ የተናገርኩት ነው፣ እውነት ነው፣ የምቀንሰው የለኝም።

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ቃል ሰጪው ከፊርማው ፊት ያለው "የምስክሩ" የሚለው ቃል እንዲሰረዝለት ጠይቋል። ቅጹ እንደማይፈቅድ ተነግሮት ፈርሟል።

የምስክሩ ፊርማ፦ ________ ሙናዊር ፉርቃን ሐምዱ

የመርማሪው ፊርማ፦ ________ ም/ሳጅን ይገረም