የሰኞ ኪኒን

«ኪኒን ከያዝሽ ግቢ! ወረቀት ከሆነ ግን፣ ወረቀት ሳል አያቆምም!»

«አያ ሙሀመድኑር፣ ፍየል ሲጠፋብዎት መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ዱካዋን አያለሁ።»

«እኔም ዱካ ተከትዬ ነው የመጣሁት።»

አያ ሙሀመድኑር ከበሩ ገለል አለላት። ባቲ ላይ ከአፋሮቹ ፍየል ገዝቶ ከሚሴ የሚሸጥ፣ በወሬ የማይረታ ሰው ነው። ከውሰር የጎረቤቱ ልጅ ናት፤ ደሴ ተምራ መጥታ ስለ ቲቢ ሕክምና ለሚጠና ጥናት ቤት ለቤት ትጠይቃለች። እሱ የፈራው እንግዲህ ወረቀቱን አይደለም። የስድስት ወሩን ኪኒን በሁለት ወሩ ትቶ፣ «ወላሂ ጨርሻለሁ!» ብሎ ለሚስቱ ለዓዲላ ምሎላታል። ሳሉ ተመልሶበታል። ዓዲላ ደግሞ መጋረጃው ጀርባ ናት።

«ስንት ወር ዋጡ?»

«ሂን ቤኩ! አላውቅም አልኩሽ!»

«እሺ፣ ይተዉት። ሰኞ ሰኞ የት ይውላሉ?»

«ይኼም ይጠየቃል? ባቲ ነዋ! ሰኞ ባቲ ያልዋለ ምን ነጋዴ ነው?»

«ኪኒኑስ የሚታደለው መቼ ነው?»

«ሰኞ ጠዋ...» አፉን ያዘ። ወጥመዷ ውስጥ ገባላት! ከመጋረጃው ጀርባ ጉሮሮ ተጠረገ።

«አያ፣ ልወቅስዎት አልመጣሁም» አለች ከውሰር። «ኪኒን ያቋረጡ አስራ ዘጠኝ ሰዎች ጠይቄያለሁ፤ አስራ ሁለቱ ሰኞ ባቲ ናቸው። ‹ሰነፎች› ስትባሉ ከረማችሁ፤ ለካ ጥፋቱ የቀኑ ነው። እደላው ማክሰኞ ይሁን ብለን እንጽፋለን።»

«ሌላውስ አገር?»

«እዚያም ይጠየቃላ! የጨፋ ሮቢት ገበያ በባቲ ቀን አይቆምም። ሳይጠየቅ አገር ሙሉ ኪኒን ቢጫን፣ ሰው ካልዋጠው ምን ዋጋ አለው? በግማሽ ሲተውት በሽታው ኪኒኑን ይለምደዋል፤ ቀጥሎ ወደ ቤተሰብ ይተላለፋል። የጨረሰ ግን ራሱም ይድናል፣ ማንንም አያስይዝም።»

እውነቷን ነው። ኪኒኑ ድሮም ነበር፤ ያልነበረው «ለምን ቀራችሁ?» የሚል ሰው ነው። አያ ሙሀመድኑር ጢሙን አሸት አሸት አደረገና፣

«ሁለት ወር ነው የዋጥኩት፤ ጻፊው» አለ። «ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጂኝ።»

ወደ መጋረጃው ዞረ። «አንቺም ዓዲላ፣ መዋሸቴን ሰምተሻል። ተቆጪ እንጂ በጉሮሮሽ አትስደቢኝ!»

«የምን ስድብ ነው? እኔንም ካሳለኝ ወር ሞላኝ፤ የጠየቀኝ የለም!»