ግድግዳ እያዩ የተቃኘ ክራር

ጋሽ አለሙ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የወረዱት ዓሣ አምሯቸው አልነበረም። ለክራራቸው ክር የሚሆን የመረብ ናይለን ፍለጋ ነው። ባለፈው ሳምንት የገዙት አልቃኝ ብሏቸዋል፤ እሑድ ደግሞ የእህታቸው ልጅ ሠርግ ነው፤ የሙሽራ መሸኛውን ዜማ ሊጫወቱላት ቃል ገብተዋል። ዓሣ ስትገዛ የነበረችው ሙንተሃ አየቻቸው። አዲስ ከተማ ሰፈራቸው ውስጥ ኢንተርኔት ቤት ያላት ጎረቤታቸው ናት።

«ጋሽ አለሙ፣ ደግሞ ሌላ ናይለን?»

«የዛሬ ናይለን ልጄ፣ ለዓሣም የሚረባ አይመስለኝም።»

ናይለኑ እንኳ ምንም አላጠፋም። አሮጌዎቹን ክሮች በአንድ ላይ ፈትተው ጣሉና፣ አዲሶቹን ሲወጥሩ የትኛው እንደሚላላ፣ የትኛው እንደሚጠብቅ ጠፋባቸው። ቅኝቱን ወሎ ሳሉ ያስተማሯቸው ጋሽ ሽፈራው ናቸው፤ ሰው አይቶ እንዳይሰርቅ ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ መቃኘትንም ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። ጋሽ አለሙም ዕድሜ ልካቸውን ግድግዳውን ሲያስተምሩ ኖሩ። ግድግዳ ደግሞ ቢጠይቁት አይመልስም።

አብረው ወደ ሰፈር ሲመለሱ ሙንተሃ አንድ ሐሳብ አነሳች። «ሰው የሚያውቀውን የሚጽፍበት፣ ሌላው የሚያርምበት ድረ ገጽ አለ። ስለ ክራርም ተጽፎበታል። እርስዎም ቢጽፉበትስ?»

«ሙያዬን አደባባይ አስጥቼው ነገ ማን ይጠራኛል?»

«የወጥ አሠራር መጽሐፍ ስለወጣ ሠርግ ቤት ወጥ ሠሪ መጥራት ተዉ እንዴ?»

«አንዱ ወጠጤ ገብቶ ቢያበላሸውስ?»

«ማን ምን እንደለወጠ ይታያል፤ የቀድሞውም ስለማይጠፋ ይመለሳል። ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለው ቢጠፋ ግን ማን ይመልሰዋል?»

ጋሽ አለሙ ቆሙ። ልጅቷ ሳታውቅ ቁስላቸውን ነካችው።

«ጠፍቶብኛል» አሏት ቀስ ብለው። «ለማንም አልተናገርኩም። እሑድ ምን ይውጠኛል?»

ሙንተሃ አልሳቀችም። ኢንተርኔት ቤቷ አስገባቻቸውና ገጹን ከፈተች፤ እየተንቀራፈፈም ቢሆን መጣ። ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦ «የጋሽ ሽፈራው የሙሽራ ቅኝት እንደ ባቲ ነው። ብቻ ሦስተኛው ክር ላላ፣ አምስተኛው ጠበቅ ይላል።» የጻፈችው ደሴ ያለችው ወርቅነሽ ናት፤ አብራቸው የተማረች፣ ግድግዳ አላይም ብላ ከመምህሯ ጋር የተኳረፈች።

ክራሩን ከቤት አምጥተው እዚያው ቃኙት። ዜማው እንደ ድሮው ወጣ። ጋሽ አለሙ እፎይ አሉ። እሳቸው የደበቁት ከእሳቸው ጠፋ፤ ወርቅነሽ የሰጠችው ግን ደሴ ተጽፎ ሐዋሳ ደረሰላቸው። ዕውቀትን ማካፈል ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ከዚህ ወዲያ ማስረጃ አያሻውም።

«ወርቅነሽ የሙሽራዋ እናት የምትቀበልበትን ግጥም ረስታዋለች» አሉ ገጹን እያዩ። «ጻፊ ልጄ፣ እኔ ልንገርሽ።»

እሑድ ሠርጉ ቤት ወጣቶቹ የእሳቸውን ልማድ ስለሚያውቁ፣ ክራሩን ሲያነሱ ፊታቸውን አዞሩላቸው። ጋሽ አለሙ ወንበራቸውን ከግድግዳው ወደ ሰዉ መለሱት።

«ኑ፣ ጠጋ በሉ» አሏቸው። «ሦስተኛዋንና አምስተኛዋን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። የሚጠፉት እነሱ ናቸው።»