የስድስት ቁጥር ክፍል አራተኛ ቀለም

ደህና አደርሽ ሲስተር? ትንሿ ልጅሽስ ጥርስ አወጣች? እሰይ! ነይ፣ ያንን የአንሶላ ጫፍ ያዥልኝ። አየሩ እንዴት ደስ ይላል ዛሬ... የውጭውን ማለቴ ነው።

በሩን ተይው፣ አትዝጊው። ኮሪደሩ ላይ ሰው ቆሟል? ይቁም እንጂ፣ ማን ከለከለው? ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ላንቺ ብዬ ነው፤ ጉንፋን ጆሮ ይደፍናል።

አንዳንድ የጥገና ሰው አለ... ማንንም አላልኩም... ቧንቧ ፈሰሰ ሲሉት መፍቻ ይዞ የሚመጣ። ምን ዓይነት ጥበብ የጎደለው ነው? ደግሞ አለ፣ ብሩሽ ይዞ የሚመጣ። ይህን ግድግዳ መጀመሪያ ነጭ ቀባው። በሳምንቱ ሻጋታው ብቅ አለ። ክሬም ቀባው፤ ብቅ አለ። ሦስተኛው ላይ አረንጓዴ አደረገውና ከሻጋታው ጋር ተስማሙ። እንዴት ያለ አስታራቂ ነው! አሁን ሻጋታው ሲጠቁር ይኸው ግራጫ ቀባ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የኛው ሻጋታ ግን ኮርኒስ ደርሷል።

«እጅዎን ይታጠቡ» የሚል ወረቀትም ለጥፎበት ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ... ይቺ ብልጥ ናት መሰለኝ፣ በሁለተኛው ቀን ርሳ ወደቀች።

ሲመረምር አይተሽዋል? በር ላይ ቆሞ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ። የበሽተኛውን አየር ላለመሻማት እኮ ነው! ሪፖርቱ ላይ ደግሞ «የጽዳት ሠራተኛዋ ውሃ ስለምታበዛ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። በዚች ቁመቴ መወልወያዬ ኮርኒስ ከደረሰማ፣ ቁመት ጨምሮልኛልና ምን ከፋኝ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉም ተሳስተዋል። እኛ ቤት የሥራ እድገት ይገኝለታል።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው ሲስተር። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚህ አልጋ ላይ የሚተኙት እኚያ አስም ያለባቸው እናት ናቸው። ትናንት ድንገተኛ ክፍል ትንፋሻቸው ሲያፏጭ ሰምቻለሁ። ቧንቧው እስኪሠራ ሌላ ክፍል ይሰጣቸው ብል፣ «ቀለሙ ደርቋል እኮ!» ተባልኩ። እውነት ነው፣ ቀለሙ ደርቋል። ያልደረቀው ቧንቧው ነው።

ውይ! ኮሪደሩ ላይ ማነው ያስነጠሰው? ይማርዎት ጌታዬ!... አሁንም ደገሙ? ይማርዎት!

እኔ ለሰው ክፉ አልመኝም፣ ታውቂኛለሽ። ያንን ብሩሽ ያነሳ እጅ ቁርጥማት አይንካው። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ምናልባት፣ አያድርገውና፣ ደረቱን ያመመው ቀን ደግሞ በየሆስፒታሉ አያንከራትተው፤ ራሱ ባሳመራት በዚችው ክፍል፣ በዚችው አልጋ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ መሐረቡንም ቤቱ ረስቶ... እፎይ ብሎ በረጅሙ ይተንፍስባት።

አሜን በይ እንጂ!