ከጽንሱ ጎን የተገኘው እጢ

ወይዘሮ እታለም በሰፈራ ዘመን ከወሎ መጥተው ከባምባሲ ወዲያ የሰፈሩ፣ ልጆቻቸውንም ሁሉ በቤታቸው የወለዱ ሴት ናቸው። ልጃቸው ስርጉት አንድ ጊዜ አስወርዷት ከቆየች በኋላ ዳግም ፀነሰች። አሶሳ ሄዳ በአልትራሳውንድ ስትታይ ግን ከጽንሱ ጎን ማዮማ የሚባል የማህፀን እጢ አለ ተባለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቲቱ መያዣ መጨበጫ አጡ። አንዷ ጎረቤት ካንሰር ነው አለቻቸው፤ ሌላዋ መንታ ሊሆን ሲል የቀረ ጽንስ ነው አለች። ሐኪሙ ደግሞ አሁን አይነካም፣ ነገር ግን ከሆስፒታል ውጭ እንዳትወልድ ብሏል። የማይነካው ቀላል ቢሆን ነው፤ ቀላል ከሆነስ ሆስፒታሉ ለምን አስፈለገ? ይህን ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱ። ግራ የገባው ሰው ቶሎ መልስ ወደሚሰጠው ያዘነብላልና፣ በመጨረሻ እብጠቱን አሽታ ታሟሟዋለች ወደተባለች አዋቂ ልጃቸውን ይዘው ተነሡ።

ባጃጅ ሲጠብቁ ከስርጉት ጋር አብራ የተማረችው ሀዲል አገኘቻቸው። የአገሬው የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ ዛሬ አሶሳ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ሆናለች። ወዴት እንደሚሄዱ ስትሰማ መንገዷን ትታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እትዬ እታለም፣ እባክዎ እንዳያሳሿት። እጢው ከማህፀኗ ሥጋ የበቀለ ነው። በእጅ አይሟሟም፤ ይልቅ ሕመምና ደም ያመጣባታል።»

«ታዲያ ለምን ቆርጠው አያወጡትም?»

«በእርግዝና ጊዜ ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም ብዙ ነው። ቢቆረጥ የሚፈሰው ለእሷም ለልጁም ያሰጋል። ካንሰር የሚሆነው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ ብዙ ሴቶች ከነእጢያቸው በሰላም ይወልዳሉ።»

ወይዘሮ እታለም ይባስ ግራ ገባቸው። «በሰላም የሚወልዱ ከሆነማ እንደ እኔው እቤቷ ትውለድ እንጂ፣ ልጄ።»

ሀዲል ታገሠቻቸው። እጢው ቦታ ሲሻማ ልጁ በሆዷ ውስጥ አግድም ተኝቶ መውጫ ሊያጣ እንደሚችል፣ ከወሊድ በኋላም ማህፀኑ አልሰበሰብ ብሎ ደም ሊበዛ እንደሚችል፣ የማንኛዋ እንደሚከፋ ግን አስቀድሞ በእርግጥ እንደማይታወቅ አስረዳቻቸው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ደም ቢፈሳት እቤትዎ በምን ይተኩላታል?» አለች።

ስርጉትም፣ «እማዬ፣ እኔ መታሸቱን ፈርቼዋለሁ» አለች። ወይዘሮ እታለም ግራ እንደገባቸው መታሸቱን ትተው ልጃቸውን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ።

ስርጉት የሆስፒታል ክትትሏን አላቋረጠችም። በመሃል ሆዷን ክፉኛ ሲቆርጣት እናቲቱ እንደገና ወላወሉ፤ ሐኪሙ ግን ያመማት እጢው ራሱ መሆኑን አይቶ ማስታገሻና እረፍት አዘዘላትና ተሻላት። መውለጃዋ ሲቃረብ ልጁ ተጋድሞ ስለተገኘ በቀዶ ጥገና ወለደች። ደም በዛባት። ቀድሞ የተዘጋጀ ደም ስለነበር ተሰጥቷት ተረፈች።

ወይዘሮ እታለም የልጅ ልጃቸውን እንደታቀፉ እጢው ወጣ ወይ ብለው ጠየቁ። አልወጣም ተባሉ። ሆድ ከተከፈተ በኋላ እንዴት ይተዋል ብለው ግራ ሲጋቡ፣ ልትጠይቃቸው የመጣችው ሀዲል ያን ሰዓት ቢነካ ደሙ ይብስ እንደነበር፣ እጢው ከወሊድ በኋላም ብዙ ጊዜ እያነሰ እንደሚሄድ ነገረቻቸው።

ዛሬ የሰፈሩ ነፍሰ ጡሮች ሊያማክሯቸው ሲመጡ እንዲህ ይላሉ፦ «ነገሩ ለእኔ አሁንም በቅጡ አልገባኝም። ሳይገባኝ ግን ልጄን ላሳሻት ነበር። እናንተ ቶሎ ታዩ፤ ክትትል አታቋርጡ፤ ሐኪምና ደም ካለበት ውለዱ። እኔ እናትና ልጅ፣ ሁለቱንም ይዤ ነው የተመለስኩት።»