የጋሽ ዴቭ ካሴት

ባለቤቴ ትዕግሥት ቤዝመንቱን ክሊን ባደረገች ቁጥር «ይሄን ቴፕ ዛሬ ካልጣልከው!» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ካገር ቤት ተሸክሜ ያመጣሁትን ቴፕ አልጥልም ብዬ ድርቅ እላለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ባሕር ማዶ፣ አቢዴል በሚባለው ሰፈራችን የሚኖሩት ጎረቤታችን ጋሽ ዴቭ አንድ ካሴት ይዘው መጡ። ፈረንጅ ቢሆኑም በዕድሜያቸው ጋሼ ነው የምንላቸው። ድሮ በካንትሪ ሙዚቃ ባንድ ውስጥ ፔዳል ስቲል፣ ያንን ተቀምጠው በእግር ፔዳል እየረገጡ የሚጫወቱትን ጊታር፣ ይጫወቱ ነበር። «መድረክ ላይ የተቀዳ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ አገኘሁት። ማጫወቻ ግን የለኝም» አሉኝ።

የካሴቱ ክር ተበጥሷል። አገር ቤት እንደለመድኩት በባለቤቴ የጥፍር ቀለም ቀጠልኩት፣ በቢክ እስክሪፕቶ አጠነጠንኩትና ፕሌይ አደረግኩት። መጀመሪያ ሽሽሽ አለ፤ ከዚያ ያ ጊታር እያለቃቀሰ ወጣ። አዳራሹ በፉጨት ቀለጠ፤ አንዱ «ዴቭ! ድገመው!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ዴቭ ሪህ ያጣመማቸው ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ መጫወት ጀመሩ፤ እግራቸውም ምንጣፌን እንደ ፔዳል ይረግጣል። «እኔ ነኝ! ልጆቼ አያምኑኝም ነበር፤ እኔ ነኝ!»

እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ትዕግሥት ዞርኩ። እሷ ግን ቀድማኝ ቴፑን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች «ጋሼ፣ እኛ ቤት እኮ ዕቃ አይጣልም!» ትላቸዋለች።