ቀይ ቀለም ያልነካቸው ዛፎች

የአካፋዬ እጀታ ተሰብሮብኝ ወደ እጀታ ሠሪው ሱቅ ጎራ ባልኩ ዕለት፣ ሽማግሌውንና ምራታቸውን ተፋጠው አገኘኋቸው። ወጣቷ የደን ባለሙያ ናት፤ ባሏ፣ የሽማግሌው አንድያ ልጅ፣ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። እንደ ጨዋ ሰው ተመልሼ መውጣት ነበረብኝ። ጆሮዬ ግን ጨዋ አይደለም፤ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ስብሰባው ዛሬ ከሰዓት ነው» አለች። «ነዋሪው ጫካውን እኔው ልጠብቀው፣ እኔው በወግ ልጠቀምበት ካለ ይፈቀድለታል። እንጨት ሠሪው ሁሉ አፍ አፍዎን ነው የሚያየው። እርስዎ ከቀሩ ሁሉም ይቀራል።»

«ጫካው የመንግሥት ነው። ጠባቂ ቀጥሮለታል፤ እኔ ምን አገባኝ?» አሉ፣ መላጊያቸውን ሳያስቀምጡ። «ደግሞስ ምን አጠፋሁ? አትንኩ ተብሎ ቀይ ቀለም የተቀባ ዛፍ አንድም ቀን ነክቼ አላውቅም።»

እውነታቸውን ነው። በሰፈራችን ቀይ የተቀባ ትልቅ ዛፍ የሚደፍር የለም። ቀለም ያልነካውን ቀጭን ቀጭኑን እየመረጠ የሚቆርጥ ሁሉ ግን ሕግ ያከበረ ይመስለዋል።

«የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነው፣ አባባ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ትልልቆቹ አርጅተዋል፤ ባለፈው ክረምት እንኳ ስንቱን ነፋስ ጣለው። የሚተካቸው የለም። ሽማግሌዎቹን አስቀርተን ልጆቹን ጨረስናቸው።»

ካፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። መላጊያው ቆመ። ሽማግሌው ጥግ ላይ ወዳለው፣ አሁን ማንም ወደማይሠራበት የልጃቸው ጠረጴዛ ተመለከቱ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።»

«ምን አጠፋሽ።» መላጊያቸውን አስቀመጡ። «እንዲያው ልጠይቅሽ። ዛሬ የተተወው ቀንበጥ ዛፍ እስኪሆን እኔ አልኖርም። ልጄ የለም። የልጅ ልጅ አላየሁም። ለማን ብዬ ነው የምተወው?»

ሌላ የተማረ ሰው ቢሆን ለዚህ ጥያቄ በቁጥር የታጨቀ መልስ ይሰጥ ነበር። እሷ አለቀሰች።

«ለእኔ ይተዉልኝ» አለች። «እሱ ሲሞት ምራትነቴ ያበቃ መስሎዎት ነው? ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ? ሥራዎም አይቆምም። ጫካውን በየክፍሉ በየተራ እየዘጋን፣ በተጠጋጉበት እያሳሳን ለእጀታ የሚሆነውን እናወጣለን። የቱ ይቆረጥ የቱ ይቆይ የምንለው እኛው ነን።»

«እንጨቱ ያንሰኛላ።»

«ለጊዜው ያንሳል፤ አልዋሽዎትም።»

ሽማግሌው ሽርጣቸውን ፈቱ። ስብሰባው ላይ ብዙ አልተናገሩም። «የማንም አይደለም እያልን አራቆትነው» አሉ። «የምለምናችሁ ልጄን የቀበርኩ ሰው ነኝ። ትንንሾቹን ተዉአቸው።» ሁላችንም ደግፈን እጃችንን አነሳን።

ዛሬ፣ ዓመታት አልፈው፣ የጫካው ተዳፋት እንደ ድሮው በዝናብ አይናድም። ከሥሩ ያለው ምንጭ በጋውን ሙሉ ይፈስሳል፤ ቀንበጦቹ ከሰው ቁመት አልፈዋል፤ እንጨት ሠሪውም ተራውን ጠብቆ የድርሻውን ይወስዳል። እሳቸው ይህን ሳያዩ አረፉ። ምራታቸው አሁንም በሽማግሌው ቤት ትኖራለች። የማን ቤት ነው ብሎ ለሚጠይቃት «የአባቴ ነው» ትላለች።