ፀጉር አስተካካዩና ጥብቁ ካልሲ

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤቴን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ የምንኖርበት ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ቆመው የሰው ፀጉር ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ጫማቸውን አውልቀዋል፤ እግራቸው አብጦ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። በእጃቸው የጨበጡት ረጅም ካልሲ ላይ አፍጥጠዋል።

«ምነው ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«ምን ደህንነት አለ መምህር! ሐኪሙ እግሬን ለክቶ፣ አጥብቆ ይዞ እብጠቱን ይቀንስልሃል ብሎ ይህን አዘዘልኝ። ሱቄ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ታገልኩት፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እያየኝ። ይኼ ወጥመድ እንጂ ካልሲ አይደለም። ልጥለው ነው።»

አብራቸው የምትኖረው የወንድማቸው ልጅ ነርስ ናት። ከሥራ ስትመለስ ይህን ሰማች።

«ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ያለው ቆዳ ጠቁሯል አጎቴ። ከቆሰለ በወራትም ላይድን ይችላል። ያኔ ማን ቆሞ ይቆርጣል?»

«አባቴም እግሩ ያብጥ ነበር። ያለ ካልሲ ሰማንያ ዓመት ኖሯል።»

«ኖሩ፤ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ግን ከወንበር ሳይነሱ።»

ሰው አንድን ነገር የሚሸሽበትን ምክንያት መጀመሪያ አይናገርም፤ የሽማግሌውም እውነት ቆይቶ ወጣ።

«በየጠዋቱ እግሬ ሥር ተንበርክከሽ ልታለብሺኝ? ሞቼ እገኛለሁ!»

«ማን ሊንበረከክ? እኔ አሳይዎታለሁ፣ እርስዎ ያጠልቁታል። መምህርም ነገ ጠዋት ይምጡና ዳኛ ይሁኑን።»

በማግስቱ ስደርስ ሽማግሌው አልጋቸው ጫፍ ላይ ጨርቁ እንዳያንሸራትታቸው የዕቃ ማጠቢያ የላስቲክ ጓንት አድርገው ተቀምጠዋል።

«ትናንት የተሳሳቱት ሰዓቱን ነው» አለች ነርሷ። «እግር ሳያብጥ፣ ገና ከአልጋ እንደተነሡ ነው የሚጠለቀው። እስከ ተረከዙ ይገልብጡት። ጣቶችዎን ያስገቡ፤ ተረከዙን በቦታው ያሳርፉ። ከዚያ በመዳፍዎ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያሽሹት። ጫፉን ይዘው አይጎትቱ፤ የላይኛውን ጠርዝም አጥፈው አይተዉት፣ እግር ያንቃል።»

በመጀመሪያው ሙከራ ተረከዙ ወደ ጎን ዞረ። በሁለተኛው ጉልበታቸው ሥር ተሸበሸበ። ላብ አጠመቃቸው። «ይብቃን» ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«የስንቱን አልቀመጥ ያለ ሕፃን ፀጉር ቆርጫለሁ! ይህ ጨርቅ ሊያሸንፈኝ?»

ከላይ ገልብጠው ወደ ታች እየገፈፉ አወለቁትና እንደገና ጀመሩ። በሦስተኛው ያለ አንዲት ሽብሽብ ገባ። እግራቸውን ዘርግተው አዩትና «ዳኛው ምን ይላል?» አሉኝ። ፈረድኩላቸው።

«ማታ ሲተኙ ያወልቁት፤ እግርዎን ይታጠቡና ቅባት ይቀቡ» አለች። «ጣትዎ ከደነዘዘ ወይም እግርዎን ካመመዎት ግን ወዲያው አውልቀው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።»

ከወር በኋላ ፀጉሬን ልስተካከል ሄድኩ። እብጠቱ ጎድሏል፤ ጫማቸውም አይጠብባቸውም። ቀድሞ ከቀትር በኋላ የሚዘጋው ሱቅ እስከ ምሽት ክፍት ሆኗል። ወንበሩ ላይ የነበረው ዳቦ ጋጋሪ፣ እርሱም ቀኑን ሙሉ የሚቆም ሰው፣ ዝቅ ብሎ እግራቸውን አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ የሴት ካልሲ ማድረግ ጀመሩ እንዴ?»

ሽማግሌው መቀሳቸውን አቆሙ።

«የአንተስ እግር ማታ ማታ አያብጥም?»

ጋጋሪው ሳቁን ዋጠ። «ያብጣል» አለ።

«እንግዲያው ነገ ሐኪም ዘንድ ሄደህ ተመርመር። ካዘዘልህ ጠዋት ወደ ቤቴ ና፤ አጠላለቁን እኔ አስተምርሃለሁ።»